አንቀጽ 7፦ የሊባኖስ የሥራ ሕግና እኛ



ብዙዎቻችሁ «ሕጉ ተለውጧል ሲሉ እንሰማለን፤ ምኑ ነው የተለወጠው?» ትሉኛላችሁ። በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም፤ ከሥሩ ጀምሬ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ኮንትራታችሁም ኢቃማችሁም የተጻፈው በዚያው ነውና።

ሊባኖስ ነፃነቷን ባገኘች በሦስተኛው ዓመት፣ በ1946፣ የሥራ ሕግ አወጣች። ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ዕረፍት፣ ሠራተኛ ያለ ምክንያት ስለ መባረሩ የሚናገር ሕግ ነው። አንቀጽ 7 ላይ ሲደርስ ግን እነማንን እንደማይመለከት ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ መጀመሪያ የተጻፉት በሰው ቤት የሚያገለግሉ የቤት ሠራተኞች ናቸው። ያን ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ከተራራው መንደር የመጣች የአገሬው ድሀ ልጅ ወይም ሶርያዊት ነበረች። የስሪላንካና የፊሊፒንስ ሴቶች መምጣት የጀመሩት ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው፤ የእኛ ሰው የበዛው ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ። አንቀጹ የተጻፈው እኛ ሳንታሰብ ነው፤ ስንመጣ ግን ለእኛ ሆኖ ጠበቀን።

ፍርድን ወደ ዐረብ ብቻ ከማዞራችን በፊት የአገራችንንም እንይ። በእኛ አቆጣጠር በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አሠሪ ከቤቱ ለምታድር ሠራተኛ መኝታዋን፣ ምግቧን፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቷን ጤናዋ እንዳይጎዳ አድርጎ እንዲያመቻች ያዛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ግን፣ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156 ሳይቀር፣ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከራሱ አውጥቶ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስነው ብሎ አልፎታል። አዲስ አበባ በሰው ቤት የሠራችሁ፣ ትርጉሙን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ቤት የሰው ገመና ነው፣ መንግሥት አይገባበትም የሚለው አሳብ የአንድ አገር ብቻ አይደለም።

የሥራ ሕጉ ከወጣን ታዲያ በምን እንተዳደራለን? በከፋላ። ከፋላ በአንድ ሕግ የተጻፈ ነገር አይደለም፤ የአምን አልዓም መመሪያ፣ የሚኒስቴር ደንብና የቆየ ልማድ ተደርቦ የተሠራ ነው። መኖሪያ ፈቃድሽ በከፊልሽ ስም ስለሆነ፣ ያለ ፈቃዱ ከቤቱ ከወጣሽ ፈቃድሽም አብሮ ይወድቃል። የተበደለችው ሸሽታ ስትወጣ ጥፋተኛዋ እሷ የምትሆነው ለዚህ ነው።

በ2009 የሠራተኛ ሚኒስቴር አንድ ወጥ ኮንትራት አወጣ። በካቲብ አድል ፊት የሚፈረመው ያ የዐረብኛ ወረቀት ነው፤ እኔም ፈርሜአለሁ። መጥፎ ብቻ ነው አልልም። በቀን ከ10 ሰዓት በላይ ማሠራትን ይከለክላል፣ የ8 ሰዓት ተከታታይ የሌሊት ዕረፍትና በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፣ ደመወዝ በየወሩ በደረሰኝ ይከፈል ይላል። ሦስት ወር በተከታታይ ያልተከፈላት፣ የተደበደበች ወይም የተደፈረች ሠራተኛም ኮንትራቱን ማፍረስ ትችላለች። ግን ዕረፍት ይላል እንጂ ከቤት መውጣት አይልም። ስለ ፓስፖርትማ ዝም ነው ያለው። ላባ የያዕቆብን ደመወዝ አሥር ጊዜ ሲለዋውጥ ያዕቆብ ቢያንስ መንጋውን ይዞ የሚሄድበት መንገድ ነበረው።

ጎረቤቶቻችን በኮንትራት ብቻ አልቆሙም። ዮርዳኖስ በ2008 የቤት ሠራተኛን የሥራ ሕጓ ውስጥ አስገባች፤ ኩዌት በ2015፣ ቀጠርና ኤምሬትስ በ2017 ለቤት ሠራተኞች የተለየ ሕግ አወጡ። ሕግ ወጣ ማለት ተፈጸመ ማለት እንዳልሆነ እዚያ ያሉ እህቶቻችን ይነግሩናል። ሆኖም ሕግን የሚሽረው ሌላ ሕግ ነው። የሚኒስቴር ኮንትራት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ግን በ2020 አየነው።

ያን ዓመት ታስታውሱታላችሁ። ሊራው ወድቆ፣ ማዳሞች ደመወዝ መክፈል አቅቷቸው፣ እህቶቻችን ከነሻንጣቸው በቆንስላችን ደጃፍ የተጣሉበት ዓመት ነው። በሴፕቴምበር ሚኒስቴሩ አዲስ ኮንትራት አወጣ። ሠራተኛዋ ያለ ከፊሏ ፈቃድ፣ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥታ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች፤ ፓስፖርቷ በእጇ ይሁን፤ ሥራ በሳምንት 48 ሰዓት ይሁን፤ ደመወዟ ለምግብና ለመኝታ ጥቂት ይቀነስለት እንጂ ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ይነሳ የሚል ነበር። የከፋላን ጅማት የሚበጥሰው ያ የመጀመሪያው ነጥብ ነው። የመክተብ ባለቤቶች ማኅበር ወዲያው ከሰሰ። ኦክቶበር 14 ቀን የሹራ ምክር ቤት፣ ማለትም የአስተዳደር ጉዳይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ የመክተቦቹ ጥቅም ክፉኛ ይጎዳል ብሎ ኮንትራቱን አገደው። በስድስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ መጣ፣ ሄደ። እንግዲህ «ተለውጧል» የሚባለው ወሬ መነሻው ይህ ነው፤ የ2009ኙ ወረቀት በቦታው ቀረ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላም መንገድ አለ። በ2014 አንድ የቤይሩት ዳኛ፣ ማዳሟ ፓስፖርቷን የያዘችባትን ሠራተኛ ጉዳይ አይቶ እንዲመለስላት አዘዘ። ዳኛው የሥራ ሕጉን አልጠቀሰም፤ ሰው እንደ ልቡ የመንቀሳቀስ መብት አለው ብሎ ነው የፈረደ። በ2020ም፣ አዲሱ ኮንትራት በታገደበት በዚያው ወር፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት የቀድሞ አሠሪዋንና መክተቡን በባርነት ወንጀል ከሰሰች። ክሷም በወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 7 የሚያስወጣን ከሥራ ሕጉ ብቻ ነው፤ መደብደብ፣ ቆልፎ ማስቀመጥ፣ በ2011 ሕግ የወጣለት የሰው ንግድም በቤት ሠራተኛ ላይ ሲፈጸሙ ወንጀልነታቸው አይቀርም።

የኮንትራታችሁ ቅጂ ያላችሁ በሚቀጥለው እሑድ ይዛችሁ ኑ፤ ከቅዳሴ በኋላ መስመር በመስመር በአማርኛ እናነበዋለን። ቅጂው በማዳም እጅ ያለባችሁ የፈረማችሁበትን ወርና ዓመት አስታውሳችሁ ኑ።