በሸክላ ላይ የተቀረጸ ዘፈን

የሰው ድምፅ ከአፍ ሲወጣ እንደ ጢስ ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል እንጂ ማንም ቆልፎ ሊያስቀምጠው አይችልም ተብሎ ብዙ ዘመን ይታሰብ ነበር። ጸሐፊ ቃሉን በብራና ያኖራል፤ ሠዓሊም መልኩን በግድግዳ ይተዋል፤ ዘፋኝ ግን የደከመበትን ሁሉ ለሰሚው ጆሮ ሰጥቶ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ድምፅ እንደ ጨውና እንደ ቡና በገበያ የሚሸጥበት ዘመን እንዴት እንደ መጣ፥ በመጣም ጊዜ ለአገር ምን እንዳተረፈ መመርመር የተገባ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ካህናቱ ዘምረዋል፥ አዝማሪዎችም አወድሰዋል። ከዚያ ሁሉ ድምፅ አንዲት ቃል እንኳ ተይዛ አልቀረችም። ነገር ግን ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ለእንግሊዝ መንግሥት ከከተማው በስተ ምሥራቅ፥ ዛሬ የካ በሚባለው ክፍለ ከተማ፥ ለሌጋሲዮን የሚሆን ሰፊ መሬት ሰጥተው ነበር። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን የንግሥት ቪክቶሪያን ድምፅ በሰም ላይ ተቀርጾ ይዞ መጣ። ድምፁም ከተሰማ በኋላ ሰሙ በንግሥቲቱ ትእዛዝ ተሰበረ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ግን በ1891 ዓ.ም. ገደማ የላኩት የመልስ ቃል አልተሰበረም፤ እስከ ዛሬ በሎንዶን ተጠብቆ ይገኛል።

ዘፈንን በዚህ ጥበብ ለማስያዝ የመጀመሪያው ሰው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በቅኔና በጨዋታ ዐዋቂነታቸው የታወቁት እኒህ ሰው ገና ነጋድራስ ሳይባሉ የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ በምኒልክ ትእዛዝ ወደ ጀርመን ተላኩ። ከ1900 እስከ 1902 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በበርሊን ሳሉ ያገራቸውን ዘፈን ለፈረንጅ ኩባንያ አስቀረጹ። መኪና ሊማሩ ሄደው ድምፅ ተክለው ተመለሱ። ያን ጊዜ ዘፋኙ በመለከት መሳይ ቀንድ ውስጥ ይጮኻል፥ መርፌም የድምፁን ንዝረት ይቀርጻል፥ ከዚያም ከአንዱ እናት ቅርጽ ብዙ ልጆች ይታተማሉ። ሕዝቡም ይህን ክብ ነገር ሸክላ ብሎ ጠራው። ስሙም ተስማማው፤ ቢወድቅ እንደ እንስራ ይሰበራልና።

ይህን የመሰለ ነገር በሌላም ተራራማ አገር ሆኗል። በአሜሪካ በቴኔሲና በቨርጂኒያ ወሰን ላይ ባለችው በብሪስቶል ከተማ፥ በ1919 ዓ.ም. ክረምት፥ ራልፍ ፒር የተባለ ነጋዴ መቅረጫውን ይዞ መጥቶ የገጠር ዘፋኞችን ጠራ። ከመጡትም መካከል ጂሚ ሮጀርስና የካርተር ቤተ ሰብ ነበሩ። ቀድሞ የባላገር ጨዋታ ብቻ የነበረው ዘፈን ከዚያ ወዲያ የብዙ ሚሊዮን ሰዎች ገበያ ሆነ። እዚያ በሩን የከፈተው ነጋዴ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን የዘፈን ንግድ ቁልፍ ለረጅም ጊዜ በመንግሥት እጅ ነበረ።

የአገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ሊመጣ ሲል የሕዝቡን ልብ ለማነሣሣት ተመሠረተ። ከነጻነት በኋላ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948፥ ሸክላ ከውጭ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለዚህ ማኅበር ብቻ ተሰጠ። በማኅበሩ በኩል ጥቂት ዘፈኖች ታትመው ወጡ፤ ኋላ ግን ሥራው ቀዘቀዘ። ጎተራውን የያዘው እህል አላስገባም፥ ሌላውም እንዳያስገባ ሕጉ ከለከለ።

በዚህ መካከል ዘፈኑ ራሱ አልቆመም። የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች የፈረንጅን መለከትና ከበሮ ከአገሩ ቅኝት ጋር አዋሐዱ። ዘፋኞቹ ግን የመንግሥት ደመወዝተኞች ስለ ነበሩ፥ ዝናቸው ቢገንም ድምፃቸው የራሳቸው ገንዘብ አልነበረም። ከነዚህም አንዱ ጂማ የተወለዱት አለማየሁ እሸቴ ናቸው። በልጅነታቸው የአሜሪካን ፊልም እያዩ የኤልቪስ ፕሬስሊን ዘፈንና አለባበስ አጠኑ፤ በፖሊስ ኦርኬስትራም ገብተው ስመ ጥር ሆኑ። የአዝማሪነት ሥራ ስድብ በሆነበት አገር፥ የቤተ ሰብ ልጅ በመድረክ ቆሞ መዝፈኑ ብዙዎችን ያስቈጣ ነበር።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባሉ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ አንድ ነገር ደፈሩ። የአዲስ አበባ ወጣቶች የባዕድ ሸክላ በገንዘባቸው ሲገዙ፥ ያገራቸውን ግን በራዲዮና በመድረክ ብቻ ሲሰሙ አይተው፥ ሕጉ ሳይሻር የአለማየሁን ዘፈን ውጭ አገር አሳትመው በከተማው ሸጡ። አለማየሁና አምሃ በአባት ስም ቢገናኙም ወንድማማች አልነበሩም፤ ያገናኛቸው ሙዚቃው ነው። ነገሩም እንደ ተፈራው አልሆነም። የአገር ፍቅር ማኅበር መብቴ ተነካ ብሎ ቢቃወምም፥ ወጣቱ ነጋዴ ሥራውን ቀጠለ፥ ሕዝቡም ሸክላውን ተሻምቶ ገዛ። ሕግ በአዋጅ ሳይሻር በገበያ ተረታ። በስድስት ዓመት ያህል ጊዜም አምሃ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል ትልልቆች አወጡ።

ገበያው ግን የሰጠውን ያህል ደግሞ ወሰደ። ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል፥ በአንድ ገጹም የሚይዘው የጥቂት ደቂቃ ዘፈን ብቻ ነው። አዝማሪ ሲዘፍን ከሰሚው «ተቀበል» እየተባለ ግጥም ይቀበላል፥ እንደ ሰሚውም ስሜት ያስረዝማል፥ ያሳጥራል፥ ይቀኛል። ሌሊት ሙሉ ሊዘልቅ የሚችለው ትዝታ በሸክላ ሲቀረጽ ተቈርጦ ገባ። ሸክላው ተመልሶ አይቀኝም፤ ዛሬም ነገም ያንኑ ይላል። ስለዚህ በሸክላ የተያዘው ከዘፈኑ ፍሬው ነው እንጂ ዛፉ አይደለም።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ የሌሊቱን ጨዋታ አቀዘቀዘው። አምሃም ንግዳቸውን ትተው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ሌላው ነጋዴ አሊ አብደላ ካይፋ፥ አሊ ታንጎ የተባሉት፥ አገር ቤት ቀርተው ሥራውን ገፉበት። በሸክላው ምትክ ካሴት መጣ፤ ካሴትም ርካሽ ነው፥ ነገር ግን ማንም በቤቱ ሊገለብጠው ስለሚችል የዘፋኙ ድካም ያለ ዋጋ ተበተነ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ብዙ ዘፈን ከተገለበጠ በኋላ ማለት ነው።

የነዚያ ሸክላዎች ሁለተኛ ዕድሜ የመጣው ከሩቅ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1997 ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪስ ኢትዮፒክስ በሚል ስም የድሮውን ዘፈን በተከታታይ አሳተመ፤ ዘጠነኛውም ክፍል የአለማየሁ ሆነ። በአዲስ አበባ አቧራ የጠጣው ዘፈን ቋንቋውን በማያውቁ ሕዝቦች ዘንድ ገዥ አገኘ። አለማየሁም በሽምግልናቸው ወራት በአውሮፓና በአሜሪካ መድረክ ቆመው ዘፈኑ።

አምሃና አለማየሁ በአንድ ዓመት፥ በ2013 ዓ.ም.፥ ከዚህ ዓለም ተለዩ፤ አምሃ በሚያዝያ፥ አለማየሁ በነሐሴ። ብዙ መሸጡ ዘፈንን መልካም አያደርገውም፤ ርካሽ ነገርም ብዙ ይሸጣልና። ነገር ግን ሻጭ ደፍሮ ባያሳትመው፥ ገዥም ከፍሎ በቤቱ ባያኖረው ኖሮ፥ የዚያ ዘመን ድምፅ በእንጦጦ ማርያም የዘውድ ቀን እንደ ተዘፈነው ዘፈን በጠፋ ነበር። የንግሥቲቱ ሰም በትእዛዝ ተሰበረ፤ የምኒልክና የጣይቱ ግን ተጠብቆ ኖረ። ድምፅ ተሰባሪ ነው፤ ዕድሜውም የሚጠብቀው ሰው ትጋት ያህል ነው።