ጦርነቱን ዘሎ ማለፍ ማጭበርበር ነውን?

በኮምፒዩተር ጨዋታ የተለከፈ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ክርክር አለች። አንዷ ተጫዋች «ዲያብሎ ሁለት» ውስጥ አስማተኛዋን ሆና ትገባለች። ከፊቷ መቶ ጭራቅ ቢሰለፍ ግድ የላትም፤ ድግምቷን ትደግምና ከዚህ ተሰውራ እዚያ ማዶ ብቅ ትላለች፤ አሁንም ትደግማለች፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የጭራቆቹ አለቃ ፊት ቆማለች። ሌላው በሰይፍ እየከተፈ፣ እየቆሰለ፣ መድኃኒቱን እየጨለጠ ሲለፋ ይቆይና «ይኼማ ሸወዳ ነው!» ይላል። እሷ ደግሞ «ድግምቱን የሰጠኝ ጨዋታው ራሱ፤ ታዲያ ምን አጠፋሁ?» ትለዋለች። ነገሩ እንደ ቀልድ ይጀመርና በኩርፊያ ያልቃል።

እኛ ይህን ጠብ ከታሪክ በኩል ልናየው ፈልገናል፤ ምክንያቱም ጠቡ ከኮምፒዩተር ብዙ ዘመን ይቀድማል። (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በጥንቱ ቼዝ ወታደሩ የሚራመደው አንድ አንድ ቤት ብቻ ነበር። ጨዋታው እንዲፈጥን ተብሎ ከ13ኛው እስከ 16ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በኤውሮጳ ወታደሩ ከመነሻው ሁለት ቤት እንዲራመድ ተፈቀደለት። ታዲያ ይኸው መዘዝ አመጣ። አንድ ቤት ቢራመድ ኖሮ የጠላት ወታደር ይበላው የነበረው፣ አሁን ሁለት ቤት ዘሎ ጠላቱን በጎኑ አልፎት ሄደ። ይህ ምን ይባላል? ብልሃት ወይስ ማጭበርበር? እስፓኛዊው የቼዝ ሊቅ ሩይ ሎፔዝ በ1561 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ የተበጀውን ሕግ እናገኛለን። በሕጉ መሠረት ሁለት ቤት የዘለለውን ወታደር ባላጋራው አንድ ቤት ብቻ እንደተራመደ ቆጥሮ ሊበላው ይችላል፤ ያውም እዚያው በሚቀጥለው ተራ ነው፤ ተራውን ካሳለፈ አለፈው። ኢጣሊያኖች ግን እምቢ አሉ። እነሱ ዘንድ ወታደሩ ሳይነካ ያልፍ ነበር፤ ስሙንም «ፓሳር ባታሊያ» አሉት፤ ጦርነቱን ማለፍ እንደ ማለት ነው። በዚህም እስከ 1880 ድረስ ቆዩ። እንግዲህ እስፓኝ ውስጥ የሚያስበላው ርምጃ ኢጣሊያ ውስጥ ደንበኛ ርምጃ ነበር ማለት ነው። ኢጣሊያኖቹ አጭበርባሪዎች ሆነው አይደለም፤ ሕጋቸው ሌላ ነበር።

የኛ አገር ሰንጠረዥ ወታደሩን ሁለት ቤት ስለማያስዘልለው እንዲህ ያለው ጣጣ አልደረሰበትም። የራሱ የሆነ ጉድ ግን ነበረው። መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጦራቸውን እየነዱ ያሰልፋሉ፤ ይህን ወረራ ይሉታል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ተበልቶ ሲወጣ ነው። ይህን አንድ የፈረንጅ ቼዝ ተጫዋች ቢያየው በስመአብ ሳይል አይቀርም፤ ላባቶቻችን ግን የጨዋታው ወግ ነው።

ወደ ድግምቱ እንመለስ። የመሰወር ድግምት ወደ ጨዋታ የገባው ኮምፒዩተር በየቤቱ ሳይገባ ነው። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባለውን፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በወረቀትና በእርሳስ፣ ባለቁጥር ጠጠር እየጣሉ የሚጫወቱትን ጨዋታ አወጡ። ቴሌፖርት እዚያ ውስጥ ከመጀመሪያው አለ። ግን እንዲያው በነጻ አልተሰጠም። የሚሄድበትን ቦታ አጣርቶ የማያውቅ አስማተኛ ከመሬት በታች ብቅ ካለ አለቀለት፤ ድንጋይ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ከዚህ ይበልጥ ልብ የሚባለው ግን የነጥቡ ነገር ነው። ተጫዋቹ የሚያድገው በገደለው ጭራቅ ብቻ ሳይሆን ከዋሻው ይዞ በወጣው ወርቅም ነበር፤ በ1975 በወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ደግሞ የግድያው ነጥብ ጭራሽ ተቀነሰ። ስለዚህ ብልኅ ተጫዋች ጭራቁ ሲተኛ ጠብቆ በጎኑ ሾልኮ ወርቁን ይዞ ይወጣ ነበር። ያን ጊዜ ጠላትን ማለፍ የጨዋታው ዋና ብልሃት እንጂ ነውር አልነበረም።

ካናዳ ያስተምር የነበረው ፈላስፋ በርናርድ ሱትስ በ1978 ባሳተመው «ፌንጣ» በተሰኘ መጽሐፉ፣ ጨዋታ ማለት የግድ ያልሆነን እንቅፋት በፈቃድ ለመሻገር መጣር ነው የሚል ሐሳብ ያቀርባል። የኛ ባለሰይፍ ይህን ቢያነብ ደስ ይለው ነበር፤ «እንቅፋቱን ካለፍሽው ምኑን ተጫወትሽው?» ለማለት ይመቸዋላ። ጠንካራ ክርክር ነው፤ በቀላሉ አንጥለውም። ይሁንና እንቅፋቱ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ሕጉ ነው እንጂ የባለሰይፉ ድካም አይደለም። አስማተኛዋም የራሷ እንቅፋት አለባት። ድግምቱን ለመማር 18ኛው ደረጃ ላይ መድረስ አለባት፤ በደገመች ቁጥር ኃይሏ ይጎድላል፤ ተሳስታ ጭራቆች መሐል ከወረደች ደግሞ ሰውነቷ ስስ ነውና ባንዴ ታልቃለች።

እንዲያውም ሰዎች በዚህ ጨዋታ ውስጥ ለምን ዘለው እንደሚሄዱ ብንመረምር ጥፋቱ ከተጫዋቹ ይልቅ ከፋዩ ዘንድ ይገኛል። «ዲያብሎ ሁለት» በ2000 ሲወጣ ጥሩ ጥሩው ዕቃ የሚገኘው ከአለቆቹ ሬሳ ነበር። ደመወዝ ከጫፍ የሚከፈል ከሆነ መሐሉ ላይ ማን ይደክማል! በ2003 ደግሞ «ኢኒግማ» የተባለ ጥሩር መጣ፤ የለበሰው ሁሉ፣ አስማተኛ ባይሆንም፣ እንደ እሷ ይሰወራል። ባለሰይፉም ደረሰው ማለት ነው። ግን ጥሩሩ የሚሠራባቸው ፊደላት በጣም ብርቅ ስለነበሩ የጨዋታውን ስህተት ተጠቅመው አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን አራት እያደረጉ የሚያባዙ ሰዎች ተነሡ፤ ገበያውም በተባዛ ፊደል ተጥለቀለቀ። እውነተኛው ማጭበርበር ይኼ ነው። ሰው ስለ ድግምቱ ሲነታረክ ሌባው በጓሮ በር ገብቶ ነበር።

ከድግምቱ ጋር ስሙ የሚምታታ ሌላም ነገር አለ። ከጨዋታው ውጭ የተጻፈ ፕሮግራም ማዕከሉን «እኔ አሁን እዚያ ነኝ» እያለ የሚዋሽበት ዘዴ ነው፤ እሱንም ቴሌፖርት ይሉታል። ዮሐን ሁይዚንጋ በ1938 እንዳሳየው፣ አጭበርባሪ ማለት ሕጉን የተቀበለ እየመሰለ የሚጫወት ነው። ይህ ለባለፕሮግራሙ ልክ ይሆናል። አስማተኛዋ ግን ምንም አልደበቀችም፤ በአደባባይ ነው የምትደግመው።

እንግዲህ በኛ አስተያየት ድግምቱ ማጭበርበር አይደለም። ከዚህ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ይቀረናል፤ ያለፍከው ጠላት ማን ላይ ወደቀ? ለብቻ በሚጫወቱት ጨዋታ ማንም ላይ አይወድቅም። ብዙ ሰው ባንድ ዓለም በሚጫወትበት ግን ይወድቃል።

በ1999 የወጣውን «ኤቨርክዌስት»ን እንይ። እዚያ ጭራቁ የሸሸውን ሰው ተከትሎ ይሮጣል። አንዱ ሳይዋጋ አልፋለሁ ብሎ ሲሮጥ አሥሩም ሃያውም ከኋላው ይግተለተላል፤ ተጫዋቾቹ «ባቡር» ይሉታል። ሯጩ ድንበሩን ተሻግሮ ሲጠፋ ባቡሩ ይመለስና ቁስሉን ለማዳን አረፍ ያለውን ምስኪን ያገኘዋል። የሞተ ሰው የለፋበት ነጥብ ይቀነስበት ነበር፤ የሰዓታት ድካም በሌላ ሰው ሩጫ ይጠፋል። ሯጩ ድግምት አልደገመም፤ የተደበቀ ፕሮግራምም የለውም። ያም ሆኖ እኛ ከአስማተኛዋ ይልቅ እሱን እንከሳለን።

እዚያው ጨዋታ ውስጥ አስማተኛው ሁለት ዓይነት ድግምት ነበረው። አንዱ እሱን ብቻ ወደ ቤቱ ያደርሰዋል፤ ሌላው ጓደኞቹን በሙሉ ከሞት አፍ አውጥቶ ደኅና ቦታ ላይ ያሳርፋቸዋል። ሁለቱም ጠላትን ትቶ መሄድ ነው። ሁለተኛውን የያዘ አስማተኛ ጥልቅ ዋሻ ለሚወርድ ቡድን ሁሉ ተፈላጊ ነበር፤ የመጀመሪያውን ደግሞ ጓደኞቹ መሐል ጥሎ የጠፋ ሰው ስሙ በየመንደሩ ይወራ ነበር።

እነዚሁ አስማተኞች ሰውን በገንዘብ እያሻገሩ ይኖሩ ነበር። መርከብ ጠብቆ፣ አውሬ ያለበትን አገር በእግር አቋርጦ ከመሄድ ለአስማተኛ ከፍሎ ባንዴ መድረስ ይሻላል፤ ንግዱም ደርቶ ነበር። በ2002 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ኩባንያው በየአገሩ ማንም ሰው ነክቶ በነጻ የሚሰወርባቸውን መጻሕፍት አቆመ። የአስማተኞቹ ገበያ ተቀዛቀዘ፤ ሁሉም ሰው መዝለል ቻለ፤ መርከቦቹና የእግር መንገዶቹም ጭር አሉ።