በጎንደር አደባባይና በወገራ መስክ ማን ይፈርድ ነበር?

በእንግሊዝና በአሜሪካ አገር በከባድ ወንጀል ተከሶ የሚከራከር ሰው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚለውን ቃል የሚሰማው ከዳኛው አንደበት ሳይሆን፥ ከሕዝቡ መካከል በዕጣ ተጠርተው ከተመረጡ፥ ብዙውን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ከሆኑ ሰዎች ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሥርዓት በስሙ አልነበረም። ነገር ግን ፍርድን ለአንድ ሰው ብቻ አለመተው ለአባቶቻችን እንግዳ ነገር አልነበረም።

ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ በቤተ መንግሥቱ ችሎት ያየውን ጽፎ ትቶልናል። ነገሩ ከተሰማ በኋላ በችሎቱ የተሰየሙት መኳንንትና ሊቃውንት በየተራቸው ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፤ መጀመሪያ የሚናገረውም ታናሹ ነው። ታላቁ አስቀድሞ ቢናገር ታናሹ በፍርሃት ወይም በይሉኝታ የእርሱን ቃል ይደግም ነበርና፥ ይህ ተራ በብልኀት የተሠራ ይመስለኛል። ንጉሡ ከመጋረጃ በስተኋላ ሆኖ ሁሉን ካዳመጠ በኋላ የመጨረሻውን ቃል «ቃለ ሐፄ» በሚባለው ባለሥልጣን አፍ ያሰማል። ለመፍረድ የሚገባው ማን እንደሆነም ፍትሐ ነገሥት ስለ ዳኞች በሚናገረው አንቀጹ ይዘረዝራል፤ ዕድሜው የበሰለ፥ አእምሮው የተስተካከለ፥ ባርነት የሌለበት፥ ሕግ የሚያውቅ ወንድ መሆን አለበት። ባሪያና ሴት እንግዲህ ከዚህ ውጭ ነበሩ።

ይህ የከተማው ነው። በወገራና በደምብያ፥ እንደ ሌላውም የደጋ አገር፥ ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር የሚደረገው አፈርሳታ፥ በሌላ ስሙም አውጫጭኝ ነበር። ጭቃ ሹሙ የአገሩን ሰው ሁሉ በአንድ መስክ ይሰበስባል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፥ ሕዝቡም ይምላል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የሰማውን «ወፍ ነገረችኝ» እያለ ለሽማግሌዎቹ በጆሮ ይነግራል። ወንጀለኛው ካልተገኘ አገሩ በሙሉ ካሣውን ያዋጣል። አያቴ ወጣት ሳለ በመከር ወራት በዚህ መስክ ሦስት ቀን ተይዞ ውሎ ማደሩን ሲነግረን፥ የሚያስቆጨው የጠፋው በሬ ሳይሆን ሳይታጨድ የረገፈው ገብስ ነበር።

የሚያስደንቀው፥ የእንግሊዞቹም ሥርዓት ሲጀመር ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1166 ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ባወጣው ሕግ፥ ከየወረዳው ዐሥራ ሁለት፥ ከየመንደሩም አራት ሰዎች በመሐላ ቀርበው በአገራቸው በወንበዴነት የሚጠረጠረውን ሰው እንዲናገሩ ታዝዞ ነበር። የተመረጡትም ነገሩን ስለሚያውቁ ነው። በኋላ ዘመን ግን ነገሩ ተገልብጦ፥ ስለ ጉዳዩ አስቀድሞ የሚያውቅ ወይም ለተከራካሪው የሚዛመድ ሰው ከምርጫው የሚወጣ ሆነ። የእኛ አፈርሳታ ወደዚህ አልተሻገረም። በወፍ የተጠቆመ ሰው ማን እንደ ጠቆመው አያውቅም፤ ስለዚህ ጠቋሚውን ፊት ለፊት ሊጠይቀው አይችልም። በርስት የተጣላ ጎረቤት ቂሙን በወፍ ስም ቢወጣ የሚያጋልጠው ምን ነበር? አፈርሳታን የሚያሞግሱ ሰዎች ይህን ሲዘሉት አዝናለሁ።

ከሳሽና ተከሳሽ የሚመርጧቸው ሽማግሌዎች ግን ከዚህ ይሻላሉ። በሰሜን ደጋ ደም ሲፈስ ለዕርቅ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ሁለቱም ወገን ያመነባቸው መሆን አለባቸው፤ አንዱ ወገን «ይህ ለእነርሱ ያደላል» ካለ ሰውየው ይነሣል፥ ሌላ ይተካል። በእንግሊዝ ችሎት ተከራካሪው የማይቀበለውን ሰው ከተመረጡት መካከል እንዲያስነሣ ከሚፈቀድለት መብት ጋር ይህ ይመሳሰላል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከሕዝብ በዕጣ ለሚመረጡ ፈራጆች ቦታ አልሰጠም፤ ክርክሩን ሰምቶ የሚፈርደው ዳኛ ነው። ሆኖም በአንድ ትንሽ ስፍራ የቀድሞው ልማድ ቀርቶ ነበር። አጥቢያ ዳኛው ስድብን፥ ቀላል ድብደባን፥ ከአምስት ብር የማይበልጥ ስርቆትንና ይህን የመሰለውን በዕርቅ ለመጨረስ ሥልጣን ተሰጥቶት፥ ዕርቁ ያልሆነለት እንደሆነ ሁለት ሰዎች አብረውት ተቀምጠው እንዲፈርድና እስከ ዐሥራ አምስት ብር እንዲቀጣ ተፈቅዶለት ነበር።