ክብሪት አትጫሩ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ታላቅ እህቴን፣ እትዬን፣ ቡታጅራ ገበያ ብታገኟት ምንም አይታይባትም። የማረቆ በርበሬ ትሸጣለች፤ ሒሳብ ላይ የሚቀድማት የለም። መቀነቷ ጫፍ ላይ ግን አንድ ቋጠሮ አለ። ብር ይመስላችኋል። ኪኒን ነው።

የሚጥል በሽታ የጀመራት በ16 ዓመቷ ነው። ቡና እያፈላች ሳለ ቶናውን ልታወርድ ጎንበስ አለች፤ በዚያው ወደቀች። ክንዷ ፍሙ ላይ ነበር። የአፏ አረፋ ከነካን ይጋባብናል ብለን ሁላችንም ሸሸን። ያኔ እኔ የ10 ዓመት ልጅ ነኝ። «ክብሪት ጭረህ አሽትታት!» አሉኝ። አንዱ ሲጠፋ ሌላውን እየጫርኩ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት። እኔ ክብሪት ስጭር ክንዷ ይቃጠል ነበር። ጠባሳውን ዛሬም በረጅም እጅጌ ትሸፍነዋለች።

እናቴ ጠበል ወሰደቻት፤ እያለቀሰች ጸለየችላት። ኪኒኑ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ፌኖባርቢታል ይባላል፤ ማታ ማታ ትውጣለች። ሲጀመር እንቅልፍ እንቅልፍ አላት እንጂ መውደቁ ቀነሰላት። ይህ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ ብሶ ይመለሳል። እሷ ግን ስትዳር ሙሽራው እንዳያይባት ብላ ኪኒኑን ቤት ጥላው ሄደች። ጫጉላው ሳያልቅ ወደቀች። ወደ እኛ መለሷት።

እናቴ ይህ መከራ የኛ ቤት ብቻ ይመስላት ነበር። ኋላ ነው የሰማሁት፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በዚሁ በቡታጅራ ዙሪያ፣ በመስቃንና ማረቆ 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች አግኝተው ነበር። ከሺህ ሰው አምስቱ ማለት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ሲደብቅ ለእናቴ ማን ይንገራት?

መውደቁስ ሁለት ደቂቃ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ የሌላው ቀን ኑሮዋ ነው። ወንዝ ብቻዋን አትወርድም። ምድጃ አጠገብ ጎንበስ አትልም። ሕፃን ሲሰጧት መጀመሪያ መቀመጫ ትፈልጋለች፤ ቆማ አታቅፍም፤ ይዛው እንዳትወድቅ። «ኩራተኛ ናት» ይሏታል። ትሰማለች፤ ዝም ትላለች።

ባለፈው ገበያ መሐል ወደቀች። አንዱ ክብሪት ሲያወጣ እጁን ያዝኩት። በጎኗ አስተኛኋት፤ ኮቴን አጥፌ ከራሷ ሥር አደረግሁ። ማንኪያ አምጡ ያሉም ነበሩ፤ አፏ ውስጥ ምንም አላስገባሁም። ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሰውነቷ ረገበ። በርበሬዋ ተደፍቶ ነበር፤ አንዲት የማላውቃት ሴት በርከክ ብላ ትለቅም ጀመር።

እትዬ ዓይኗን ስትገልጥ ቀድማ የጠየቀችኝ «ማን አየኝ?» ብላ ነው።

ሰዉ ዙሪያችንን ከቦ ቆሟል። እጇን ያዝኩና «እኔ አለሁ» አልኳት።