አዲስ የኔትወርክ መሣሪያ ከማዕከል ራሱን የሚያዋቅረው እንዴት ነው?

ለአንድ ጤና ጣቢያ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የተገዛ ራውተር ከሣጥኑ ሲወጣ ስለሚገባበት መረብ የሚያውቀው ነገር የለም። የትኛውን አድራሻ እንደሚይዝ፣ ከየትኛው መስመር ጋር እንደሚገናኝ፣ ማንን እንደሚያስገባና ማንን እንደሚከለክል አንድ በአንድ ሊነገረው ይገባል። ይህ የመመሪያ ስብስብ «ቅንብር» ወይም በሙያው አጠራር «ኮንፊገሬሽን» ይባላል።

በቆየው አሠራር ባለሙያው ላፕቶፑን ይዞ መሣሪያው እስካለበት ቦታ ይጓዛል፤ መሣሪያውን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶም ትእዛዞቹን መስመር በመስመር ይጽፋል። ቦታው ሩቅ፣ መንገዱ ጭቃ፣ መሣሪያውም ብዙ በሆነ ጊዜ ግን ሣጥኖቹ ሳይከፈቱ ባለሙያ ሲጠብቁ ይከርማሉ። የሚመጣውም ባለሙያ ሰው ነውና አንዱን ቁጥር በሌላው ሊተካ ይችላል። በዚህም ምክንያት አንድ ዓይነት መሆን የሚገባቸው መሣሪያዎች በየቦታው የተለያየ ቅንብር ይዘው ይገኛሉ።

ይህን ችግር ለማቃለል የተቀየሰው ዘዴ ራስ-ሰር ቅንብር ነው። በሙያው ዘንድ «ዜሮ ተች ፕሮቪዥኒንግ» በሚል ስያሜ የሚታወቀው ይህ ዘዴ ባለሙያ ቦታው ድረስ ሳይሄድ መሣሪያን ለሥራ ማዘጋጀት ያስችላል። ቅንብሩ አስቀድሞ በአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር ይቀመጣል። መሣሪያው ኤሌክትሪክና መስመር ሲያገኝ ሰርቨሩን ይፈልጋል፤ የራሱን ፋይል ወስዶ ያነባል፤ ከዚያም ሥራውን ይጀምራል። የፌዴራልና የክልል መሥሪያ ቤቶችን ከወረዳዎች ጋር እንደሚያገናኘው ወረዳኔት ላሉ፣ በብዙ ቦታ ለተበተኑ መረቦች የዚህ ዓይነቱ ዘዴ ጥቅም ግልጽ ነው።

አድራሻ መጠየቅ

አዲስ መሣሪያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው አድራሻ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ደንብ ዲኤችሲፒ ይባላል። ዛሬም መሠረት የሆነው ዝርዝሩ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ መነሻው በ1985 የወጣው ቡትፒ የተሰኘ ቀደምት ደንብ ነው። የእጅ ስልክ ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ አድራሻ የሚያገኘውም በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው።

ልውውጡ አራት እርምጃዎች አሉት። በመጀመሪያ መሣሪያው በአካባቢው መረብ ላሉት ሁሉ «አድራሻ የሚሰጥ አለን?» ብሎ ይጣራል። በሁለተኛው ሰርቨሩ አንድ አድራሻ ያቀርብለታል። በሦስተኛው መሣሪያው የቀረበለትን አድራሻ እንደሚፈልግ ያሳውቃል። በአራተኛው ሰርቨሩ ያጸድቅለታል። አድራሻው የሚሰጠው እንደ ኪራይ ቤት ለተወሰነ ጊዜ ሲሆን፣ ጊዜው ከማለቁ በፊት ይታደሳል።

ሰርቨሩ ከአድራሻው ጋር ሌሎች መረጃዎችንም ሊልክ ይችላል። እነዚህ መረጃዎች በቁጥር የሚታወቁ ሲሆን፣ ቁጥር 66 ፋይሉ የተቀመጠበትን ሰርቨር፣ ቁጥር 67 ደግሞ የፋይሉን ስም ይነግራል። አንዳንድ አምራቾች ከነዚህ ሌላ የራሳቸውን ቁጥር ስለሚጠቀሙ የመሣሪያውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ግድ ነው።

የመሣሪያው ጥሪ ከአካባቢው መረብ አልፎ አይሄድም። ሰርቨሩ በክልል ከተማ፣ መሣሪያው በወረዳ ከሆነ ጥሪውን ተቀብሎ የሚያደርስ መልእክተኛ በመሃል መኖር አለበት። «ሪሌይ» የሚባለው ይህ ተግባር የሚሠራው አስቀድሞ በቦታው ባለ ሌላ መሣሪያ ላይ ነው። መስመሩ ራሱ አዲስ በሆነበት ቦታ ደግሞ አንዳንድ መሣሪያዎች በኢንተርኔት በኩል ወደ አምራቹ አገልግሎት ይደውሉና ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ሰርቨር ይመራሉ።

ፋይሉን መውሰድ

መሣሪያው የፋይሉን ቦታ ካወቀ በኋላ ያወርደዋል። ለዚህ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ቲኤፍቲፒ የተባለ ቀላል ደንብ ነው። ቅለቱ ለትንንሽ መሣሪያዎች አመቺ አድርጎታል፤ ነገር ግን የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ የሚያስተላልፈውንም ምስጢር አድርጎ አይሸፍንም። ስለዚህ በአዳዲስ መሣሪያዎች ኤችቲቲፒኤስ የተባለውና መልእክቱን ሸፍኖ የሚያጓጉዘው መንገድ ተመራጭ ነው።

ሰርቨሩ የትኛው ፋይል ለየትኛው መሣሪያ እንደሆነ የሚለየው በመለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በፋብሪካ የተሰጠው ሴሪያል ቁጥር ወይም ማክ አድራሻ የተባለው ባለ 12 አኃዝና ፊደል መለያ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ዘወትር በመሣሪያው ጀርባ ወይም በሣጥኑ ላይ ተለጥፈው ይገኛሉ።

በማዕከል የሚሠራው ዝግጅት

የሥራው አብዛኛው ክፍል የሚያልቀው ሣጥኑ ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት ነው። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ መሣሪያ መለያ ቁጥርና የሚሄድበት ቦታ በመዝገብ ይያዛል። ሁለተኛ፣ ለሁሉም የጋራ የሆነው ቅንብር በአንድ አብነት ይጻፋል፤ እንደ ስምና አድራሻ ያሉ ከቦታ ቦታ የሚለያዩ ነገሮች ብቻ ባዶ ይተዋሉ። ሦስተኛ፣ ባዶው ቦታ ከመዝገቡ እየተሞላ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ፋይል ይዘጋጃል። አራተኛ፣ የዲኤችሲፒውና የፋይሉ ሰርቨር ይስተካከላሉ። አምስተኛ፣ አንድ ወይም ሁለት መሣሪያ በቢሮ ውስጥ ተሞክሮ ውጤቱ ይታያል።

አምስተኛው እርምጃ በችኮላ የሚዘለል መሆን የለበትም። ዘር አባዢ ማሳውን በጥንቃቄ የሚመረምረው በአንድ ማሳ ያለ ጉድለት ነገ በብዙ ገበሬዎች ማሳ ላይ ስለሚበቅል ነው። የአብነት ስህተትም እንዲሁ ነው። በእጅ የሚሠራ ባለሙያ ቢሳሳት አንድ ቢሮ ይቋረጣል፤ አብነቱ ከተሳሳተ ግን ፋይሉን የወሰዱ ሁሉ በአንድ ቀን ሊቋረጡ ይችላሉ። ከማዕከል ጋር ያለው መስመር ራሱ በስህተቱ ከተቆረጠ ደግሞ ማረሚያውን በዚያው መስመር መላክ ስለማይቻል ባለሙያው ወደየቦታው ለመጓዝ ይገደዳል።

በቦታው ያለ ሰው ድርሻ

ዘዴው ባለሙያን ከጉዞ ቢያድንም በቦታው ያለውን ሠራተኛ ጥንቃቄ አያስቀርም። ሠራተኛው በቅድሚያ በሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ለእርሱ ቢሮ ከተላከው ዝርዝር ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጣል። ለሁለት ጤና ኬላዎች የተላኩ ሣጥኖች በመንገድ ቢለዋወጡ እያንዳንዱ መሣሪያ የሌላውን ቅንብር ይወስዳል። መብራቱ በርቶ መሣሪያው ጤነኛ ቢመስልም አንዱ ኬላ በሌላው ስም ይመዘገባል ወይም ከነጭራሹ አይገናኝም።

ቀጥሎ የመስመሩ ገመድ በተነገረው ቀዳዳ ይሰካል፤ ኤሌክትሪክም ይከፈታል። መሣሪያው ፋይሉን አውርዶ አንዳንዴም ራሱን አጥፍቶ ስለሚያስነሳ ጥቂት ደቂቃዎች መታገሥ ያስፈልጋል። በተለይ የውስጥ ሶፍትዌሩን በሚያድስበት ጊዜ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ መሣሪያው ሊበላሽ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ መሣሪያውን ከመጠባበቂያ ባትሪ ጋር አገናኝቶ መጀመር የሚመከረው ለዚህ ነው። «ሪሴት» የተባለችውን ትንሽ ቀዳዳ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ መጫንም ቅንብሩን ሊያጠፋ ይችላል።

የአመቺነቱ ሌላ ገጽታ

አዲስ መሣሪያ ለጥሪው የሚመልስለትን ያምናል። በመረቡ ውስጥ ሌላ ሰው ሐሰተኛ ሰርቨር ቢያስቀምጥ የተሳሳተ ቅንብር ሊቀበል ይችላል። ይህን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ደኅንነቱ የተጠበቀ የራስ-ሰር ቅንብር ደንብ መሣሪያው ያገኘው መመሪያ በእርግጥ ከባለቤቱ የመጣ መሆኑን በዲጂታል ፊርማ እንዲያረጋግጥ ያደርጋል።

በየቤቱ ያሉ የኢንተርኔት ራውተሮችም ብዙ ጊዜ በአቅራቢው ድርጅት ከርቀት ይተዳደራሉ። ለዚህ የሚያገለግለው ቲአር-069 የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው። በኅዳር ወር 2016 እ.ኤ.አ. በጀርመን የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች የሆኑ ወደ 900,000 የሚጠጉ ራውተሮች ላይ የአገልግሎት መቋረጥ ደርሷል። አጥቂዎች ለርቀት አስተዳደር በሚያገለግለው 7547 ቁጥር በር በኩል ጎጂ ፕሮግራም ለማስገባት ሞክረው ነበር፤ ፕሮግራሙ ባይገባም ራውተሮቹ በሙከራው ብዛት ሥራ አቁመዋል። ደንበኞች መሣሪያቸውን ከኤሌክትሪክ ነቅለው እንደገና እንዲሰኩ የተነገራቸው ሲሆን፣ የታደሰው ሶፍትዌርም ከማዕከል ተልኮላቸዋል። ለአስተዳደር የተከፈተው በር ለጥቃት መግቢያ ቢሆንም፣ ፈውሱም የደረሰው በዚያው የርቀት አስተዳደር ነው።

ከግዢ በፊት መጠየቅ ያለበት

መሣሪያ የሚገዛ ማኅበር፣ ትምህርት ቤት ወይም ጽሕፈት ቤት ሻጩን አራት ነገሮች መጠየቅ ይኖርበታል። መሣሪያው ከማዕከል ቅንብር መቀበል ይችላልን? ፋይሉን በኤችቲቲፒኤስ ያወርዳልን? የላኪውን ማንነት ያረጋግጣልን? ከርቀት የሚያስተዳድረው ማን ነው? ከመልሶቹ ጋር የእያንዳንዱ መሣሪያ መለያ ቁጥርና የተተከለበት ቦታ በጽሑፍ ተመዝግቦ በአንድ ቦታ ሊቀመጥ ይገባል። መሣሪያው ተበላሽቶ አዲስ ሲተካ በመዝገቡ ውስጥ አሮጌው ቁጥር በአዲሱ ይለወጣል፤ አዲሱም እንደተሰካ የቀድሞውን ቅንብር ይወስዳል። መዝገቡ ካልተስተካከለ ግን ማዕከሉ አዲሱን መሣሪያ አያውቀውም፤ ጥያቄውንም ሳይመልስለት ይቀራል።