ባዶው ቻናል የማን ነው?

አንቴና ስናዞር ያደግን ሰዎች ይህን አንረሳውም። አንዱ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ሌላው በር ላይ ቆሞ ወሬ ያቀብላል፣ ሦስተኛው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ይፈርዳል። «መጣ?» «አልመጣም!» «አሁንስ?» «መጣ መጣ፣ በቃ እንዳትነካው!» ያ ሁሉ ልፋት ለአንድ ጣቢያ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ብዙ ቁጥሮች ነበሩ። ሌሎቹን ስንነካካ የሚመጣው ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብና «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ተጻፉ ብለን ጠይቀን አናውቅም።

በዚያ ባዶ ቦታ ይገባኛል ባዮች ዓመታት ሙሉ እንደተናከሱ ያወቅነው ኋላ፣ ካደግን በኋላ ነው። ጠቡ የተነሳው አሜሪካ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። ሁለት ጎረቤት ከተሞች በአንድ ቻናል ቢያሰራጩ ምስላቸው ይደባለቃል። ስለዚህ የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1952 ቻናሎቹን ለየከተማው ሲያድል ሆን ብሎ ክፍተት ተወ። ኒው ዮርክ 2፣ 4፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11 እና 13ን ያዘች፤ ፊላደልፊያ ደግሞ 3፣ 6 እና 10ን። ኒው ዮርክ ላይ 3ኛው ቻናል ዝም ያለው ፈላጊ አጥቶ ሳይሆን ጎረቤቱን እንዳይረብሽ ነው። ወደ ገጠር ሲኬድ ደግሞ ከሚናገሩት ቻናሎች ዝም ያሉት ይበዛሉ።

የዝምታው ዋጋ ግን ውድ ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፤ ግድግዳና ቅጠል ብዙም አይበግረውም። የቤታችን ዋይፋይ ከሳሎን ጓዳ ሲደርስ የሚደክመው የተሰጠው ሞገድ ለዚህ ጉዞ ስለማይመች ነው። ዋይፋይ ራሱ የተወለደው ይኸው ኮሚሽን በ1985 የማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራበትን የሞገድ ክልል ያለ ፈቃድ እንዲሠራበት ስለለቀቀ ነው። የተናቀው ሞገድ ይህን ያህል ከሰጠን፣ የተወደደው ምን ሊሰጥ ነው? በ2004 ኮሚሽኑ ክፍት ቻናሎችን ለገመድ አልባ ኢንተርኔት የመክፈት ሐሳብ አቀረበ።

ከዚያ ወዲያ ጦርነት ነው። በአንድ ወገን ማይክሮሶፍት፣ ጉግል፣ ዴል፣ ኢንቴል፤ በሌላው የቴሌቪዥን ጣቢያ ባለቤቶች፣ ከጎናቸውም ቲያትር ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የስፖርት ሊጎች። የኋለኞቹ እዚህ ምን አገባቸው? ገመድ አልባ ማይክራፎናቸው የሚሠራው በነዚያው ባዶ ቻናሎች ላይ ነበር። ብዙዎቹም ፈቃድ አልነበራቸውም! ባዶ ቤት ቀድሞ የገባ ሰው ኋላ የመጣውን «ወራሪ» ሲለው እንደማለት ነው። ፍርሃታቸው ግን ከንቱ አልነበረም። አዲሱ መሣሪያ ቻናሉ ባዶ መሆኑን መጀመሪያ ያዳምጣል፣ ከዚያ ይናገራል ተብሎ ነበር፤ በጁላይ 2007 ኮሚሽኑ ናሙናዎቹን ሲፈትን ግን በአስተማማኝ ሁኔታ መስማት አልቻሉም። ማይክሮሶፍት «የተፈተነው የተበላሸ ዕቃ ነው» ቢልም ባለጣቢያዎቹ ጮቤ ረገጡ።

በ2008 ፈተናው ከላቦራቶሪ ወጥቶ ስታዲየምና ብሮድዌይ ቲያትር ቤት ገባ። ኦክቶበር ላይ ደግሞ ማን ደብዳቤ ቢጽፍ ጥሩ ነው? ዶሊ ፓርተን! «ቦዲጋርድ» ፊልም ላይ ዊትኒ ሂውስተን ያስለቀሰችንን ዘፈን የደረሰችው እሷ ናት። የራሷ ሙዚቃዊ ቲያትር ብሮድዌይ ሊወጣ ሲዘጋጅ ማይክራፎኖቹ እንዳይረበሹ ተማጸነች። እኛን የገረመን ዶሊ የቴነሲ ተራሮች ልጅ መሆኗ ነው። ከአዲሱ ኢንተርኔት ይጠቀማል የተባለው እንደነዚያ ተራሮች ያለ፣ ኬብል ያልደረሰው ገጠር ነበር። በዓመቱ፣ በጎረቤት ግዛት በቨርጂኒያ፣ ክላውድቪል በተባለች የገጠር መንደር የሙከራ መስመር ተዘርግቷል።

ኮሚሽኑ የወሰነው ኖቬምበር 4፣ 2008 ነው፤ አሜሪካ ኦባማን በመረጠችበት ዕለት። አምስቱም ኮሚሽነሮች ሐሳቡን ደገፉ፤ በዚያ ቀን ግን ስለ ቻናል ማን ሊያወራ? በ2010 መሣሪያው ማዳመጡ ቀርቶለት፣ የቆመበትን ቦታ ለአንድ የመረጃ ቋት ነግሮ «ይኸው ይኸው ክፍት ነው» የሚል መልስ እንዲቀበል ተደረገ። ለማይክራፎኖቹም ሁለት ቻናል ተከለለላቸው።

ወሬው ወደኛ ሰፈርም ቀርቧል። በ2013 ከሞያሌ ማዶ፣ ኬንያ ውስጥ ናንዩኪ አካባቢ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሙከራ ተጀመረ፤ ስሙ «ማዊንጉ»፣ በስዋሂሊ ደመናዎች ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኬፕታውን ላይ አሥር ትምህርት ቤቶች በዚሁ ዘዴ ኢንተርኔት አገኙ።

ታዲያ ዛሬ ይህ ኢንተርኔት በየቤቱ የማይታየው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ገበያ ነው። ክፍት ቻናል የሚተርፈው ገጠር ነው፤ ገጠር ደግሞ ደንበኛ ጥቂት ስለሆነ ፋብሪካ መሣሪያውን በብዛት አምርቶ ዋጋ ለማውረድ አልቸኮለም። ማይክሮሶፍት በ2017 ሁለት ሚሊዮን የአሜሪካ ገጠር ነዋሪዎችን በአምስት ዓመት አገናኛለሁ ብሎ ተነሥቶ ነበር፤ እሱም በዚህ ዘዴ ብቻ አልዘለቀም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ያናድዳል። በ2016 እና በ2017 ኮሚሽኑ ጨረታ አወጣ። ከ38 እስከ 51 ያሉት ቻናሎች ከቴሌቪዥን ተወስደው አብዛኛው ሞገዳቸው ለስልክ ኩባንያዎች ተሸጠ፤ ገቢው ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ከዚህም 10 ቢሊዮን ያህሉ ቦታ ለለቀቁ ባለጣቢያዎች ሄደ። ባዶውን ቻናል በነጻ እንጠቀም ሲባል «አይነካም፣ ሥርጭት ይረበሻል» ያለው ዘርፍ፣ ገንዘብ ሲመጣ የሚሠራበትን ቻናል ሳይቀር አስረከበ። የቀሩት ጣቢያዎች ከ37 በታች ተጠጋግተው ሲሰፍሩ በየከተማው ክፍተቱ ይበልጥ ጠበበ። ሽግሽጉ ያለቀው በጁላይ 2020 ነው። ተመልካቹም ሪሞቱን አንሥቶ ቻናሎቹን እንደ አዲስ እንዲፈልግ ተነገረው።