ስለ ካባ አቈራረጥና በቤት ውስጥ ስለ መሰፋቱ

በኢትዮጵያ ካህናት የሚደርቡት፥ መኳንንትም ይደርቡት የነበረው፥ በአውሮጳም ነገሥታትና ጳጳሳት የለበሱት ካባ ከልብስ ሁሉ ለመቍረጥ ቀላል፥ ለማስማማት ግን አስቸጋሪ ነው። እጅጌ የለውም፤ ወገብም አይለካለትም። ዳሩ ግን ክብደቱን ሁሉ የሚሸከሙት አንገትና ትከሻ ስለ ሆኑ፥ ሰፊው በእነዚህ በሁለቱ የሳተ እንደ ሆነ ሌላው ድካም ከንቱ ይሆናል።

የጥንቶቹ የአውሮጳ ሰፊዎች ካባን የሚቈርጡት በግማሽ ክብ ነበረ። ቀጥ ያለው ጠርዝ በትከሻ ላይ ይጣላል፤ ክቡ ወደ ምድር ይወርዳል። ለዚህም የሲሲልያው ንጉሥ የዳግማዊ ሮጀር ካባ ምስክር ነው። ስፋቱ ወደ 3 ሜትር ተኩል የሚጠጋ ቀይ ሐር ሲሆን፥ ሁለት አንበሶች ሁለት ግመሎችን ሲሰብሩ በወርቅ ክር ተጠልፎበታል። በጠርዙ ያለው የዐረብ ጽሕፈት በ528 ዓመተ ሂጅራ እንደ ተሠራ ይናገራል፤ ይኸውም በአውሮጳ አቈጣጠር 1133 ወይም 1134 ዓ.ም. ነው። ሮጀር የነገሠው በ1130 ዓ.ም. ነውና ለዘውዱ በዓል አልተሰፋም፤ በኋላ ግን የጀርመን ነገሥታት ዘውድ ሲጭኑ ለብሰውታል። ዛሬ በቪየና ቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገኛል። የዚህ ካባ ጥበብ በጥልፉ ነው እንጂ በአቈራረጡ አይደለም።

የአቈራረጡ ነገር የከበደው ካባ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ከተራው ሰው ቤት በገባ ጊዜ ነው። በ1851 ዓ.ም. አይዛክ ሲንገር በአሜሪካ ለስፌት መኪናው የባለቤትነት መብት ተቀበለ፤ ኋላም ኩባንያው ዋጋውን ጥቂት በጥቂት እያስከፈለ ይሸጥ ጀመር። በ1863 ዓ.ም. ደግሞ ልብስ ሰፊው ኤቤኔዘር ባተሪክ በማሳቹሴትስ በየሰው መጠን የተቈረጡ የወረቀት ልኮችን ለገበያ አቀረበ፤ መጀመሪያ የወንዶችና የልጆች፥ ኋላም የሴቶች። እንዲህም ሆኖ ለሰፊ የምትከፍለው ያልነበራት ሴት በቤቷ መስፋት ቻለች፤ ይሁን እንጂ እጅጌ ያለው ካፖርት እጅግ አስቸጋሪ ነበረ።

ከ1890 ዓ.ም. በኋላ የሴቶች ቀሚስ እጅጌ እንደ አቁማዳ ተነፋ፤ በ1895 ዓ.ም. ግድም ከካፖርት እጅጌ ውስጥ የማይገባ ሆነ። ስለዚህ አጭር ካባ በሀብታምም በድኻም ዘንድ ተፈለገ። ፋሽን የሚሉት ነገር ብዙ ጊዜ ድኻን ያደክማል፤ በዚህ ጊዜ ግን ጠቀማት፤ የሀብታሚቱን የመሰለ ልብስ በገዛ እጇ ልትሠራ ቻለችና።

ሆኖም ሒሳቡ ይቅርታ አያውቅም። የአንገቷ ዙሪያ 38 ሳንቲሜትር የሆነ ሴት ካባዋን በሙሉ ክብ ስትቈርጥ፥ የአንገቱን ቀዳዳ ከመካከሉ 6 ሳንቲሜትር ያህል ርቃ ታዞራለች፤ በግማሽ ክብ ግን ርቀቱ 12 ይሆናል። በግማሹ ላይ 6 ብትወስድ አንገቷ ላይ አይገጥምላትም፤ በሙሉው ላይ 12 ብትወስድ ከትከሻዋ ይንሸራተታል። ሙሉው ክብ ብዙ ጨርቅ ይበላል፤ ነገር ግን ዙሪያውን በሞገድ ይወርዳል። ግማሹ ጨርቅ ይቈጥባል፤ ትከሻው ላይ ግን ይወጠራልና ከአንገት ጀምሮ ወደ ትከሻ ጫፍ እየቀጠነ በሚሄድ እጥፋት መሰፋት ይገባዋል። የገዛ ትከሻውን በመርፌ ማያያዝ የሚችል የለምና፥ ለዚህ ሥራ ጎረቤት ትጠራለች።

አንገትጌውና ገበሩ ከገቡ በኋላ ካባው ታችኛው ጠርዙ ሳይታጠፍ ተሰቅሎ ያድራል፤ በሰያፍ የተቈረጠው ወገን በክብደቱ ይረዝማልና። በማግሥቱ ከምድር ተለክቶ ይስተካከላል።

ከ1897 ዓ.ም. ወዲህ እጅጌው ሲጠብብ ካፖርት ተመለሰ፤ ካባውም ለማታ ልብስና ለሐኪም ቤት አስታማሚዎች ቀረ።